አየሩ ያልተስማማት

ሬቨንዊክ፣ ፌብሯሪ 8 ቀን 1925

ለአጎቴ ልጅ ለኢዝራ ሃርላንድ፤

ይህች ወረቀት ኒውዚላንድ እስክትደርስ ባሕሩ ይራራላት፤ አንተንም ቤትህንም በደኅና ታግኝ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ የቀሩኝ ጥርሶችም ይነቃነቃሉ፣ ከዚያ በተረፈ ደኅና ነኝ። ባለቤትህ አግነስ ለገና የላከችልኝ ሻርፕ ደርሶኛል። ይኸው አንገቴ ላይ ነው፤ እጇ ይባረክ በልልኝ።

ለሻርፕ ምስጋና ብቻ ብዬ ግን ወረቀት አላበላሽም። ጉዳይ አለኝ።

ነጩ መልሕቅ መጠጥ ቤት ጣራውን የተሸከመውን ግንድ መቼም አልረሳኸውም። አገር ከለቀቅህ ሠላሳ ዓመት ቢሆንህም ከሥሩ ቁጭ ብለህ አባትህን ስትጠብቅ ነው ያደግኸው። ሕጉም እንደዚያው ነው። የሬቨንዊክ ወንድ ሁሉ የራሱ የስካር ቃል አለው፤ ቃሉ ከነስሙ ግንዱ ላይ ይቀረጻል፤ ሌላ ሰው በዚያ ቃል ሰከርኩ ማለት አይችልም። ሽማግሌው አሞስ «ፀሐይ የመታው» ነው፤ የመቅረጫው ቢላዋም እስካሁን በእሱ እጅ ነው። የቤቱ ጌታ ሩበን «መጥረጊያና መወልወያ» ነው፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅ። የኔው ሳይላስ ደግሞ «ወለሉን ውሃ የሞላው» ነበር።

ቃል ያለው ሰው ከግንዱ ሥር፣ እሳቱ ዳር መቀመጫ አለው። ሲሞትም ወንዶቹ ወደቡ ጫፍ ላይ ወጥተው ቃሉን ሦስት ጊዜ ወደ ባሕሩ ይጠሩለታል። ሳይላስ ሲሰጥም የምቀብረው ሬሳ አላገኘሁም። ቃሉ ሲጠራ ግን ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ባሌን የቀበርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ቃሉ ወደ ወንድሙ ልጅ ወደ ዊልፍ ሄደ። እኔ ቦት ጫማውን ወረስኩ።

ሴት ቃል የላትም። ሴት ስትሰክር «አየሩ አልተስማማትም» ይባላል፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ በዚችው አንዲት አየር ተጠቅልላ ትኖራለች። እኔ ግን እጠጣለሁ ኢዝራ። ሳይላስ ከሞተ ጀምሮ እጠጣለሁ፤ ከማናቸውም አላንስም። ስሞት «የሳይላስ ሚስት ነበረች፣ አየሩ አልተስማማትም» ተብዬ መቀበር አልፈልግም። ወደቡ ላይ እንዲጠሩኝ እፈልጋለሁ።

ባለፈው መከር በጓሮ መስኮት በኩል ጠየቅኳቸው። ባለቤት የሌለው አዲስ ቃል የሚሰጠው ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ «ይመጥናል» ሲል ነው። «ከስምንት ብርጭቆ አንድ ያለፋት» ይባልልኝ ብል «አይመጥንሽም» አሉ። «እግር አልባ» ብል «ሴት ልጅማ እግሯን አንነሣም» ብለው ተሳሳቁ። እንግዲህ የቀረኝ መንገድ ውርስ ነው። ያባትህ የአጎቴ የኤሊ ቃል፣ «ግማሽ ባሕር የተሻገረ» የሚለው፣ እሱ ከሞተ ወዲህ አፍ አጥቶ ተቀምጧል። ወራሹ አንተ ነህ። በእጅህ ጽፈህ ከሰጠኸኝ ወንዶቹ እምቢ ማለት አይችሉም፤ አሞስን ጠይቄው «አዎ ሕጉ ነው» ብሎኛል።

አንተ እንደሆንክ ጠብታ አትቀምስ። ምን ይሠራልሃል? ሁለት መስመር ጻፍልኝ።

እህትህ ዶርካስ

-

ዳኒደን፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1925

ለውድ እኅቴ ለዶርካስ፤

ከላይ የሚመጣ ሰላም ቤትሽን ይሙላ፤ የጉልበትሽንም ሕመም ያቅልልሽ። እኛ ሁላችን በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። አግነስ ትንሽ ቢደክማትም ሰላምታዋን ልካለች።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኅቴ ሆይ፣ እኔ እኮ ያንን ቃል ሽሽት ነው ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን ባሕር የተሻገርኩት። አባቴ ሰዎች በዚያ ቃል ሲጠሩት እንደ ሹመት ይኮራበት ነበር። ቤት ሲገባ ግን ቀበቶውን ይፈታል። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ግማሽ ባሕር የተሻገረ ጨዋታ አዋቂ፣ እኛ ቤት ውስጥ ደግሞ እናቴን ፀጉሯን ይዞ የሚጎትት ሰው ነበር። ለክፉ ነገር ቆንጆ ስም ማውጣት በመርዝ ጠርሙስ ላይ አበባ መሳል ነው።

ስለዚህ ልሰጥሽ አልችልም። ይልቅስ ለአሞስ ይህን ንገሪልኝ፤ ወራሹ ቃሉ ይላግ ብሏል በዪው። መላጊያ ያምጣና ከነስሙ ድምጥማጡን ያጥፋው። በኖቬምበር የዚህ አገር ሕዝብ በመጠጥ ክልከላ ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ እኔም በየመንደሩ እየዞርኩ እሰብካለሁ። ያባቴ ስም በመጠጥ ቤት ግንድ ላይ እንደ ጀግና ተቀርጾ ሳለ በምን አፌ ልስበክ?

አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ልኬልሻለሁ። በጸሎት አንብቢያት።

ወንድምሽ ኢዝራ

-

ሬቨንዊክ፣ ጁላይ 2 ቀን 1925

ለሰባኪው ወንድሜ ለኢዝራ፤

ጤናው ይብዛልህ፤ ለአግነስም ድካሙን ያንሣላት። መጽሐፏ ደርሳኛለች። ወረቀቷ ደኅና ስለሆነ እሳት አቀጣጥዬባታለሁ፤ ቶሎ ነው የምትያያዘው።

አጎቴ ኤሊ ክፉ እንደነበረ ለእኔ ትነግረኛለህ? እናትህ እኛ ቤት ስትሸሸግ በሩን በጀርባዬ የያዝኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ታዲያ ቀበቶውን የፈታው ቃሉ ነው? ቃሉን ብታስልገው ቀበቶው ይላጋል? ውሃ ወቀጣ ነው የያዝከው።

«ይላግ» ያልከውንም ለአሞስ ነገርኩት። ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ፣ «ማስላግ ከፈለገ መላጊያውን ተሸክሞ ይምጣ፤ ሰው ያባቱን ቃል በፖስታ አይልግም» አለ። አየህ፣ እሱም ቢሆን አልወደደልህም።

እኔ እንዴት እንደምጠጣ አታውቅምና ልንገርህ። ቀኑን ሙሉ መንጠቆ ላይ ምግብ ስሰካ እውላለሁ፤ ለወንዶቹ ጀልባ፣ ለወንዶቹ ዓሣ። እጄ በጨው ተሰነጣጥቋል። ሲመሽ ጆጌን ይዤ የነጩ መልሕቅ ጓሮ መስኮት ላይ እቆማለሁ፤ ሴት በፊት ለፊት በር አትገባማ። ሩበን ፊቱን አያሳየኝም፤ እጁን ብቻ አውጥቶ ይቀበለኛል፣ ሞልቶ ይመልሳል። ዝናብ ከሆነ ዝናቡም ቢራዬ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄጄ ከግድግዳ ጋር እጠጣለሁ። እነሱ እኔ በሰካሁት መንጠቆ ያጠመዱትን ሸጠው፣ እሳት እየሞቁ፣ አንዱ ፀሐይ መታኝ ይላል፣ አንዱ ገመዱን ነፋስ ወሰደብኝ ይላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኔ ሆድ ያባውን የሚሰማ ሰው እንኳ የለም።

ያንተ ቢጤ የሆነው የጸሎት ቤቱ ሰባኪ ባለፈው እሑድ መንገድ ላይ ያዘኝና «ዶርካስ፣ ሰውነትሽ የእግዚአብሔር ቤት ነው» አለኝ። «እንግዲያስ ጣራው እንደሚያፈስ ንገሩልኝ» አልኩት። ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ አመለጠው።

ኢዝራ፣ ራስህ አትበላ፣ ሰው አታስበላ። የማትፈልገውን ነገር ለሚፈልገው ሰው መስጠት እንኳን ለክርስቲያን ለአረመኔም አይከብድም። ሁለት መስመር ብቻ።

እህትህ ዶርካስ

-

ዳኒደን፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1925

ለእኅቴ ለዶርካስ፤

የጌታ ምሕረት በበዓሉ ወራት ትጎብኝሽ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሥራም በዛብኝ፣ ሌላም ሌላም።

ምርጫው አልተሳካልንም። ሕዝቡ መጠጡን መረጠ። ውጤቱ በተነበበ ዕለት ወጣቶች መንገድ ላይ እየዘፈኑ ሲያልፉ በመስኮት አየኋቸው። መቆጣት ይገባኝ ነበር፤ አልተቆጣሁም።

ስለ ጥያቄሽ አስቤበታለሁ። መጠጥ ለመተው ቃል ኪዳን ፈርመሽ፣ የጸሎት ቤቱ ሰባኪም ምስክር ሆኖበት ብትልኪልኝ፣ የቃሉን ነገር እንደገና አየዋለሁ።

ሌላም ነገር ልጠይቅሽ። ስካርብራ ከተማ ፎቶ አንሺ አይጠፋም። ግንዱን፣ በተለይ የአባቴ ስም ያለበትን በኩል አስነሥተሽ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። ደግሞስ የአባቴ መቀመጫ የትኛው ነበር? ከእሳቱ በስተቀኝ ነው ወይስ ከመስኮቱ ሥር? ሰሞኑን ለማስታወስ ብሞክር ጠፋብኝ። አሁን ማን ይቀመጥበታል?

ወንድምሽ ኢዝራ

-

ሬቨንዊክ፣ ፌብሯሪ 7 ቀን 1926

ለወንድሜ ለኢዝራ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ የከረምኩትን ክረምት ለጠላቴም አልመኘው። ከገና ወዲህ ሁለት ጀልባ ሳይመለስ ቀርቷል። ወደቡ ላይ ሰባት ቃል ተጠራ። እኔ ያን ሁሉ የሰማሁት ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆሜ ነው።

ቃል ኪዳን ፈርሚ ላልከኝ፦ ጠጪነቱን ከተውኩ የጠጪ ቃል ምን ይሠራልኛል? ጀልባሽን አቃጥይና መቅዘፊያ ልስጥሽ እንደ ማለት ነው። ይህን የምትጽፈው አንተ ነህ ወይስ ምርጫው ያዞረው ራስህ?

ያባትህ መቀመጫ ከእሳቱ በስተግራ፣ ከግድግዳው ጋር ነው። ማንም አይቀመጥበትም፤ ወራሹ በሕይወት ስላለ ባዶውን ይሞቃል። ፎቶ ግን አላስነሣም። አንድ ሰው ላስልገው የሚለውን እንጨት ፎቶውን ለምን ይፈልጋል? ከመቼ ወዲህ ነው የሰባኪ ልብ የትኛው ወንበር ይሞቃል እያለ መጠየቅ የጀመረው?

ደግሞ በዚህኛው ደብዳቤህ አግነስን አላነሣሃትም። በፊት ሁልጊዜ ሰላም ትለኝ ነበር።

አሁን ጊዜ የለኝም ኢዝራ። አሞስ ደረቱ ታሟል፤ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። እሱ ከሞተ ቢላዋው ለሩበን ነው የሚያልፈው። ሩበን ያንተ ፊርማ ቀርቶ የንጉሡ ማኅተም ቢመጣ ለእኔ ፊደል አይቀርጽም። ስለዚህ ቁርጡን ንገረኝ። ስጠኝ፤ ካልሰጠኸኝ ደግሞ ሃይማኖት ሳትደርብበት ለምን እንደማትሰጠኝ ንገረኝ።

ዶርካስ

-

ዳኒደን፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1926

ዶርካስ፤

ደኅና እንድትሆኚ እመኛለሁ።

አግነስ ባለፈው ኦገስት ዐረፈች። አልጻፍኩልሽም፤ ብጽፈው እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ቀብሯ ላይ ብዙ ሰው መጣ። ሁሉም መልካም ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም እጄን ጨበጡኝ። ግን ከመሃላቸው አባቴን ያየ፣ እናቴን ያወቀ፣ እኔ በልጅነቴ ምን እንደምመስል የሚናገር አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ከየት እንደመጣሁ የምታውቅ አግነስ ብቻ ነበረች፤ እሷም እኔ የነገርኳትን ያህል ነው። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ጎተራው ውስጥ ገባሁ። በሩን ዘጋሁና ያባቴን ቃል ጮክ ብዬ ጠራሁት። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ወዲህም ስንት ጊዜ እንደጠራሁት አላውቅም።

ጠብታ አልቀመስኩም። ወደፊትም አልቀምስም። አባቴንም ይቅር አላልኩትም። ከእሱ የቀረኝ ግን ጀርባዬ ላይ ያለው የቀበቶ ጠባሳና ያ ቃል ብቻ ነው። ጠባሳውን ማንም አይወስድልኝም፤ ቃሉንም ለማንም አልሰጥም። ይላግ ያልኩትም ይቅር። ለአሞስ እንዳይነካ ብሏል በዪው።

ለምን እንደማልሰጥሽ ጠየቅሽኝ። የኔ ስለሆነ ነው።

ኢዝራ

-

ሬቨንዊክ፣ ጁን 6 ቀን 1926

ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለኢዝራ፤

የአግነስን ነፍስ ይማርልኝ፤ ለአንተም እግዚአብሔር ያጽናህ። ሻርፗን አጥቤ አስቀምጫለሁ፤ ለእሑድ ብቻ ነው የምለብሰው። ብቻህን ጎተራ ውስጥ ከምትጮህ ብትጽፍልኝ ይሻል ነበር። ተናድጄብሃለሁ፤ አልቅሼልሃለሁም።

ደብዳቤህን ሳነብ ስለ ቃሉ አልተቆጣሁም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እውነት የጻፍክልኝ ገና አሁን ነው። ያንተ ነው ካልክ ያንተ ነው። ከአንተ ጋር ያለኝ ክርክር እዚህ ላይ አበቃ።

ከእነሱ ጋር ያለኝ ግን አላበቃም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጀልባዎቹ ሁሉ ገብተዋል፣ ክፍሉ ሞልቷል። አሞስን ደግፈው አምጥተው እሳቱ ዳር አስቀምጠውታል። እኔ ጆጌን ቤት ትቼ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ።

«መስኮቱ በጓሮ ነው ዶርካስ» አለኝ ሩበን።

«አውቀዋለሁ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆሜበታለሁ» አልኩት።

«የኢዝራ ወረቀት መጣልሽ?» አለ አሞስ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

«ከልክሎኛል፤ ቃሉ የራሱ ነው። እንዳይነካ ብሏል።»

ሳቁብኝ። ዊልፍማ፣ ያ የባሌን ቃል የተሸከመ ጎረምሳ፣ «አክስቴ፣ አየሩ ካልተስማማሽ ወደ ቤትሽ ላድርስሽ?» አለ። «አንተ ራስህን አድርስ፤ ከአንተ በፊት ያን ቃል የለበሰው ሰው በሁለት እግሩ ነበር የሚሄደው» አልኩት። እንደገና ሳቁ፤ አሁን ግን በእሱ ነው።

«ባለቤት የሌለው ቃል ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኩ ለአሞስ።

«ኧረ ልጄ፣ ስንቱን ጠይቀሽ አይመጥንሽም ተባልሽ እኮ።»

«ይኼኛው ይመጥነኛል።»

«እሺ በዪው።»

«ሰካራም» አልኩ።

ዊልፍ ሊስቅ ጀመረና ማንም ስላልተከተለው ተወው። ሩበን የሚቀዳው ቢራ ሞልቶ እጁ ላይ ፈሰሰ።

«እሱማ ቃል አይደለም ልጄ» አለኝ አሞስ።

«ታዲያ ምንድነው?»

«እሱማ... እውነት ነው።»

«ማን ይዞታል?» አልኳቸው። «ቀና በሉና እዩ እስቲ። የማን ነው?»

ሁሉም አንጋጠጡ። አንተም ብታየው ይገርምህ ነበር ኢዝራ። ከዳር እስከ ዳር ሁለት መቶ ዓመት ወንድ ሲጠጣበት የኖረ ግንድ ነው፤ ፀሐይ የመታው አለ፣ እንደ ጌታ የጠጣው አለ፣ ገመዱን ነፋስ የወሰደበት አለ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አለ። ሰከርኩ ያለ ግን አንድም የለም። ሁለት መቶ ዓመት ጠጥተው አንዱም ያቺን ቃል ደፍሮ አልነካትም።

«እንግዲህ ሕጉ ይመጥናል ወይ ነው» አልኩ። «ጆጌን ይዤ ጀርባዬን ስሰጣችሁ ምን እንደምትሉኝ የማልሰማ መስሏችኋል? ሩበን፣ ሐሙስ ዕለት መስኮቱን ስትዘጋ ምን ብለህ ነው የዘጋኸው? ከኋላዬ ስትሆኑ ሁላችሁም ስትሉኝ ኖራችኋል። አሁን ፊቴን አዙሬያለሁ። አይመጥናትም የሚል ካለ ዓይኔን አይቶ ይናገር።»

አሞስ በዱላው ወለሉን መታና በሕጉ መሠረት አንድ በአንድ ጠየቃቸው። እያንዳንዱ ጫማውን እያየ «ይመጥናል» አለ። ሩበን ሁለት ጊዜ ነው የተጠየቀው፤ የመጀመሪያው አልተሰማም። መጨረሻ ላይ ዊልፍ ቀረ። ቀና ብሎ አየኝና፣ ዓይኑ የሳይላስን ይመስላል፣ «ይመጥናታል» አለ። እሱ ብቻ ነው እያየኝ የተናገረው።

አሞስ ወንበር ላይ ቆሞ መቅረጽ ስለማይችል ሁለት ሰዎች ደግፈው ያዙት። ፊደሉ ተጣሟል፤ ግን ጥልቅ ነው። ሲጨርስ ሩበን ሳይጠየቅ ቢራ በብርጭቆ አመጣልኝ። ተቀምጬ ጠጣሁ። እንደምታስበው የሚጣፍጥ አልነበረም፤ ያው ቢራ ነው። እሳቱ ግን ጉልበቴን አሞቀልኝ።

ሰባኪው ማግስቱን ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጣ። «እንዲህ ያለ ስም በራስሽ ላይ? አታፍሪም?» አለኝ። እኔ ማፈሩን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመስኮት በኩል ጨርሼዋለሁ ኢዝራ። ስሞት ሬሳዬ ይገኝ አይገኝ፣ የሬቨንዊክ ወንዶች ኮፍያቸውን አውልቀው ወደቡ ጫፍ ላይ ይሰለፋሉ። ሰባኪው አጠገባቸው ቆሞ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው እየሰሙ፣ ያቺን ቃል ሦስት ጊዜ ባላቸው ድምፅ ሁሉ መጥራት አለባቸው። ያን ቀን ማን እንደሚያፍር እናያለን።

እህትህ ዶርካስ